መልካም ግምት ለማን? ሂሳብስ በማን ላይ?





የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ሥራ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ነቅተን ከምናሳልፈው ሰዓት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቢሮው፣ ሱቁ፣ መጋዘኑ ወይም የምናስተምርበት ክፍል ነው። ጁሙዓ ቀን መስጊድ ውስጥ ጎን ለጎን የቆመው ሰው ሶፋችንን ያያል። ጠባያችንን ግን ይበልጥ የሚያውቀው ሰኞ ጠዋት አብሮን የሚሠራው ነው።

ስለ ሌላ ሰው ከማውራቴ በፊት ከራሴ ልጀምር።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ዓመታት ቆጥሬያለሁ። በሙያው ያለ ሰው እንደሚያውቀው ሰኔ ለእኛ እንደ ሌላው ወር አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የዕቃ ቆጠራ አለ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ አለ፣ ያልተወራረደ ክፍያ ማሳደድ አለ። ሻይ እንኳን በጥድፊያ ነው የሚጠጣው።

በአንዱ ሰኔ መጨረሻ ላይ 18,400 ብር አልገጥም አለኝ። ለጫኝና አውራጅ የተከፈለ ነው። ወጪው ተመዝግቧል፤ ደረሰኙ የለም። ገንዘብ ያዣችን «ደረሰኙን ለአንተው ሰጥቼሃለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አልተቀበልኩም፤ አለመቀበሌን እርግጠኛ ነበርኩ። ቦክስ ፋይሌን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩ። የለም። በአራተኛው ቀን በስብሰባ መሃል ኃላፊያችን «የዘገየነው በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስድስት ሰው በተቀመጠበት «ገንዘብ ያዟ ደረሰኝ ስላላቀረበች ነው» አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ጨመርኩ፦ «የት እንደገባ እሷ ናት የምታውቀው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። «ሌባ» የሚል ቃል አልተናገርኩም። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እሷ ምንም አልመለሰችም፤ እጆቿን እያየች ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ገንዘቡ ከደመወዟ በየወሩ እየተቆረጠ እንዲመለስ ተወሰነ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለኦዲተር ሰነድ ሳዘጋጅ ደረሰኙን አገኘሁት። ከሌላ የክፍያ ሰነድ ጀርባ በስቴፕለር ተያይዞ ነበር። ስቴፕለሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ጥጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ወደ ኃላፊዬ ሄጄ «ያ ደረሰኝ ተገኝቷል» አልኩት። የተቆረጠባት ገንዘብ ተመለሰላት። እሷን ኮሪደር ላይ አግኝቻት «ተገኘ እኮ፣ አልሐምዱሊላህ!» ብዬ አለፍኩ። «ተገኘ» የምትለዋን ቃል እስቲ አስተውሉልኝ። ማን እንዳጠፋው አትናገርም፤ የት እንደነበረም አትናገርም። ደረሰኙ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ በራሱ ጊዜ የመጣ አስመሰልኩት። አላህን አመስግኜ ራሴን ደበቅኩ።

የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ሰሞን ድርጅታችን «አዎንታዊ አስተሳሰብ በሥራ ቦታ» የሚል ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ባለ ቀለም ወረቀት አድሎን ስለ ራሳችን ሦስት መልካም ነገር እንድንጽፍ አዘዘን። እኔ የጻፍኩትን አልረሳሁትም፦ ጠንቃቃ፣ ታማኝ፣ ኃላፊነት የሚሰማው። ያን ስጽፍ እየዋሸሁ አልመሰለኝም። ከልቤ ነው የጻፍኩት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ስለ ራሴ ያን ያህል መልካም እያሰብኩ እንዴት ሰው በደልኩ? በጎ ማሰብ ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን የራሴን እጅ ጽሑፍ ሰወረብኝ?

ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት እንዲህ ነው። ዲናችን ሁለት ነገር አስተምሮናል። አንዱ ሑስኑ ዞን ነው፤ መልካም ግምት። ሌላው ሙሓሰባ ነው፤ ራስን መሳሰብ፣ ነፍስን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ። ሁለቱም በእጃችን አሉ። ችግሩ አድራሻቸውን ማቀያየራችን ነው። መልካም ግምቱን ለራሳችን ሰጠን፤ ሂሳቡን በባልደረባችን ላይ ከፈትን። እኛ ስንዘገይ መንገድ ተዘጋግቶ ነው፤ እሱ ሲዘገይ ግን ሰነፍ ስለሆነ ነው። እኛ ስንቆጣ ሥራው ስላሳሰበን ነው፤ እሷ ስትቆጣ ግን ጠባይዋ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ የእኛ ድስት እያረረ ማንኪያችን የሰው ድስት ውስጥ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው አዲስ ነገር መጨመር አይደለም። የተገለበጠውን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ከመልካም ግምት እንጀምር። በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የደረሰውን ታውቃላችሁ። ከጉዞ ሲመለሱ የአንገት ሐብሏ ጠፋባት፤ ልትፈልግ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሰዎቹ በግመሉ መቀመጫ ውስጥ ያለች መስሏቸው ጭነው ሄዱ። ከዚያች ከጠፋች ሐብል ተነስቶ መዲና ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ስሟ በሰው አፍ ተመላለሰ፤ በኋላ አላህ ራሱ ንጽሕናዋን አወረደ።

በዚያ ወቅት አቡ አዩብ አል-አንሷሪና ባለቤታቸው ኡሙ አዩብ ቤታቸው ውስጥ ያደረጉት ንግግር በታሪክ ተላልፎልናል። ሚስት የሚወራውን ሰምተው እንደሆነ ባላቸውን ጠየቁ። አቡ አዩብም መስማታቸውን፣ ውሸት መሆኑንም ተናገሩ። ከዚያም መልሰው ሚስታቸውን ጠየቁ፦ አንቺ ብትሆኚ ይህን ታደርጊው ነበር? እሳቸውም በአላህ ምለው እንደማያደርጉት መለሱ። ታዲያ ዓኢሻ ከአንቺ ትበልጣለች፣ አሏቸው።

ይህች አጭር ንግግር ትልቅ ሚዛን ናት። ሰውየው መርማሪ አልላኩም፣ ምስክር አልቆጠሩም። የሰማነውን ነገር በራሳችን ላይ እናስቀምጠውና እንየው ነው ያሉት። ሱረቱ ኑርም ምእመናንን የወቀሰችው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ ወሬውን በሰሙ ጊዜ ለምን ስለ ራሳቸው በጎ አላሰቡም ትላለች። የተፍሲር ሊቃውንት «ስለ ራሳቸው» የሚለውን አንዱ ስለ ሌላው ማለት እንደሆነ ያብራራሉ። ወንድምህ አንተው ነህ፤ እህትህም አንቺው ነሽ።

እኔ በዚያ ሰኔ አንድ ጥያቄ ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ይበቃኝ ነበር፦ «እኔ 18,400 ብር ደብቄ ደረሰኙን ሰጥቻለሁ ብዬ እዋሻለሁ?» አልዋሽም። ታዲያ ዓመታት በሙሉ ካዝና ይዛ አንድ ብር ያልጎደለባት ሴት ለምን ትዋሻለች? ይህን ጥያቄ ብጠይቅ ቀጣዩ መንገዴ ወደ ሌላው ቦክስ ፋይል ይሆን ነበር። መልካም ግምት ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ፍለጋውን አይዘጋም። እኔን ፍለጋ ያስቆመኝ መጥፎ ግምቴ ነበር። ጥፋተኛው ከታወቀ ማን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ አንድ ወንድም «ታዲያ የሂሳብ ሠራተኛ ሁሉን እያመነ እንዴት ይሠራል? ሌባስ የለም እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። አለ። ነገር ግን ቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነች አስታውስ። በሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለችው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ መያዝ የምታዘው አንቀጽ ናት። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች ታዘናለች። መጥፎ ግምትን የከለከለው ጌታ ራሱ ወረቀት እንድንይዝ አዘዘን። ሁለቱ አይጋጩም። ወረቀቱ መልካም ግምትን ይጠብቀዋል፤ ዛሬ የተፈረመች ትንሽ ወረቀት ነገ ሁለት ወንድማማቾችን ከመጠራጠር ታድናለች። የተከለከለው መጠየቅና ማጣራት አይደለም፤ ሳያጣሩ መፍረድ ነው።

ሌላም መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። መልካም ግምት በደልን መቀበል ማለት አይደለም። ደመወዙ ለወራት የተያዘበትን ሠራተኛ «አዎንታዊ ሁን» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው ማዘዛቸው ተዘግቧል። በደል ሲደርስ በማስረጃ፣ በአግባቡ፣ በሚመለከተው ቦታ ሐቅን መጠየቅ የዲን አካል ነው። መልካም ግምት በማናውቀው ነገር ላይ የሚሰጥ ነው፤ ያየነውን እንዳላየን ለማድረግ አልተሰጠንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ ወደ ሂሳቡ።

በአማርኛ «ሂሳብ» የምንለውና በዐረብኛ «ሙሓሰባ» የሚባለው ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሻይ ቤት ተቀምጠን «ሂሳብ!» ብለን አስተናጋጁን ስንጠራ፣ የበላነውንና የጠጣነውን አምጣልኝ፣ ልክፈል ማለታችን ነው። ከነፍስ ጋር መሳሰብም ይኸው ነው፤ የበላሁትን ንገሪኝ፣ ልክፈል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሰዎች ነገ ከመጠየቃቸው በፊት ዛሬ ራሳቸውን እንዲጠይቁ ይመክሩ እንደነበር ተላልፏል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የኖሩ አንድ ዓሊም ነፍሳቸውን ከመጠየቅ ብዛት «አል-ሙሓሲቢ» የሚል መጠሪያ ወጣላቸው። እኛስ? በሥራ ቦታችን የሰው ስህተት በማስታወስ የታወቅን ስንት ነን?

ስለ ሙሓሰባ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ኢማም አል-ገዛሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1091 ባግዳድ በሚገኘው በኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የማስተማር ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሦስት መቶ ተማሪ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። ስማቸው ከኸሊፋው ከተማ አልፎ ሄዷል። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ሥራቸው ላይ ጉድለት ያገኘ የለም።

ጉድለቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። በኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ ሥራቸውን አንድ በአንድ መረመሩ። ከሁሉ የተሻለው ማስተማራቸው ነበር። የማስተማራቸውን ኒያ ሲመረምሩት ግን ለአላህ የጠራ አልነበረም፤ የሚገፋቸው ክብርና ዝና ፍለጋ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1095 ለስድስት ወር ያህል በመሄድና በመቅረት መካከል ዋለሉ። በመጨረሻ አንደበታቸው ተያዘ። ተማሪዎቹን ለማስደሰት ሲሉ አንድ ቀን እንኳን ለማስተማር ቢታገሉ ቃል አልወጣ አላቸው። ምግብ አልዋጥ አለ። ሐኪሞች ነገሩ የልብ መሆኑን ተናግረው ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ከሚበቃው በቀር ገንዘባቸውን አከፋፍለው ባግዳድን ለቀው ወጡ፤ ወደ ደማስቆ፣ ወደ ቁድስ፣ ወደ ሐጅም ሄዱ።

ይህን የምተርከው ሁላችንም ሥራ እንልቀቅ ለማለት አይደለም። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1106 ኒሻፑር ውስጥ ወደ ማስተማር ተመልሰዋል። የተመለሱበት ሥራ ያው ማስተማር ነው፤ የተለወጠው ልባቸው ነበር። ራሳቸው እንዳስረዱት፣ ፊት ያስተምሩት የነበረው ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ነበር፤ በኋላ ግን ክብር የሚተውበትን። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር ነው። ኢማሙ የመረመሩት የተበላሸ ሥራቸውን አይደለም፤ ከሁሉ የተሻለውን ነው። እኛ ራሳችንን የምንጠይቀው ሲወቅሱን ብቻ ነው። ሲያመሰግኑን ማን ይመረምራል? «ጠንቃቃ፣ ታማኝ» ብዬ በጻፍኩበት ቀን ማን አስቆመኝ?

ኢማሙ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተባለው ትልቁ ሥራቸው ነፍስን መጠበቅን ያስረዱበት ምሳሌ ደግሞ ለእኛ ለነጋዴና ለቢሮ ሰዎች የተጻፈ ይመስላል። ነፍስህ በሽርክና ገንዘብህን የሰጠሃት ሸሪክ ናት ይላሉ። ግዴታዎችህ ዋናው ካፒታል ናቸው፤ ትርፍ ዒባዳዎች ትርፍ፤ ኃጢአት ደግሞ ኪሳራ። መርካቶ ውስጥ በሽርክና የሚነግድ ሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይዋዋላል። ከዚያ ይከታተላል። ከዚያ ይተሳሰባል። ከእነዚህ ቀጥሎ ሌሎች ደረጃዎችም አሉ፤ እኔ ግን በእነዚህ ሦስቱ ላይ ልቁም፤ እነዚህን እንኳን ከያዝን ብዙ ነው።

ጠዋት ከፈጅር በኋላ መዋዋል። ውሉ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። «ዛሬ ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ውል አይደለም፤ ማንም ሊፈርምበት የሚችል ባዶ ወረቀት ነው። «ዛሬ በሌለ ሰው ላይ አልናገርም» ውል ነው። «ዛሬ ሳላጣራ አልመልስም» ውል ነው። ማታ ላይ መፈጸሙና አለመፈጸሙ ይታወቃል።

ቀን ላይ መከታተል። በተለይ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መልስ ከመላካችን በፊት ያለችው ቅጽበት። በሥራ ግሩፕ ውስጥ «ይህን ትናንት አሳውቄ ነበር» ብለን ስንጽፍ ጣታችን ከመንካቱ በፊት እንጠይቅ፦ ይህን የምጽፈው ሥራው እንዲቀና ነው ወይስ እኔ ንጹሕ ተብዬ ሌላው እንዲጋለጥ? መልሱ ሁልጊዜ ይታወቀናል። ችግሩ አለመጠየቃችን ነው።

ማታ ከዒሻ በኋላ መሳሰብ። ይህን ከዚያች ገንዘብ ያዥ መማር ነበረብኝ። እሷ ካዝናዋን የምትቆጥረው ሰኔ 30 አይደለም፤ በየቀኑ ነው። የዛሬ ጉድለት ዛሬ ከተፈለገ ይገኛል፤ ማን መጣ፣ ምን ተከፈለ፣ ሁሉም ትዝ ይላል። ዓመት የቆየ ጉድለት ግን የት ይገኛል? ነፍስም እንዲሁ ናት። ረመዷንን ጠብቀን የዓመቱን አንድ ላይ ልንጠይቃት ስንሞክር፣ ብዙውን አታስታውስም፤ ወይም እንዳላስታወሰች ትሆናለች።

ሂሳብ ሲባል ግን ሁለተኛ ወጥመድ አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ባልፍ አማና መብላት ይሆንብኛል። ራሳቸውን ሲጠይቁ የሚሰበሩ ሰዎች አሉ። አንድ ስህተት ከሠሩ «እኔ ምንም አልረባም» ብለው ይተኛሉ። ይህም ሂሳብ አይደለም። በሙያችን አንድን ጉድለት ሁለት ጊዜ የሚመዘግብ ሰው ልክ እንዳልመዘገበው ተሳስቷል።

የሰው ልጅ የመጀመሪያውን ስህተትና የሸይጧንን አመፅ ቁርኣን እንዴት እንዳስቀመጣቸው ተመልከቱ። ሁለቱም የታዘዙትን አፈረሱ። ኢብሊስ ሲጠየቅ እኔ ከእሱ እበልጣለሁ አለ፤ መጥመሙንም በጌታው ላይ አሳበበ። ሙሉ መልካም ግምት ለራሱ፣ ሙሉ ክስ በሌላው ላይ። አባታችን አደምና እናታችን ሐዋ ግን ነፍሳችንን በደልን አሉ። ምክንያት አልደረደሩም፤ ሸይጧን አታለለን ብለው እንኳን አልጀመሩም፤ ቢሉት ደግሞ እውነት ነበር። ግን እዚያው ቃላቸው ውስጥ ወደ አላህ ምሕረት ዘረጉ። ጥፋታቸውን አመኑ፤ ተስፋቸውንም አልጣሉም። ለእኔ እውነተኛው አዎንታዊ አስተሳሰብ ይህ ነው፦ ስለ ራስህ እውነቱን መናገር፣ ስለ ጌታህ ደግሞ መልካሙን ማሰብ። የራስህን ጉድለት ለማየት ድፍረት የሚሰጥህ የእሱ ምሕረት ሰፊ መሆኑን ማወቅህ ነው። ምሕረት የማይጠብቅ ሰው ደረሰኙን ይደብቃል።

በሂሳብ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ምዝገባ በላጲስ አይጠፋም። ማስተካከያ ይጻፍለታል፤ ስህተቱም፣ ማስተካከያውም ጎን ለጎን ይታያሉ። ተውባም የራሱ ምዝገባ አለው። ዑለማዎች እንደሚያስተምሩን ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ነው። ጥፋቱ የሰው ሐቅ ከሆነ ደግሞ አራተኛ አለ፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ።

እኔ የጎደለኝ ይህ አራተኛው ነበር። ገንዘቧን አስመለስኩ፤ ስሟን ግን አልመለስኩም። በስድስት ሰው ፊት የወሰድኩትን በኮሪደር ላይ በአንድ ቃል ልከፍል ሞከርኩ። ለአላህ ብዙ ኢስቲግፋር አደረግኩ፤ ለእሷ ግን «ተገኘ» አልኩ። ነፍሴም ታባብለኝ ነበር፦ «አሁን ነገሩ ተረስቷል፤ ብታነሳው እሷኑ ታሳፍራታለህ።» ነፍስ ስትደክም የሰው አዛኝ መስላ ትመጣለች።

መስከረም የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጄን አነሳሁ። እነዚያው ሰዎች ተቀምጠው ነበር። «በሰኔ ስለ ጠፋው ደረሰኝ የተናገርኩት ስህተት ነበር። ደረሰኙን በጊዜው ሰጥታኛለች። ከሌላ ሰነድ ጋር ያያያዝኩት እኔ ነኝ። ያገኘሁትም እኔው ፋይል ውስጥ ነው» አልኩ። ጠቅላላው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ነበር ሳምንታት የፈራሁት። ኃላፊያችን «እሺ፣ መልካም» ብሎ ወደ አጀንዳው አለፈ። ሰማይ አልተደፋም።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ እንደነበር አልደብቃችሁም፤ ነፍስ እዚያም ላይ ትርፍ ትፈልጋለች። እሷ ግን «አላህ ይማርህ» አለችኝ። ቀጥላም «በእነዚያ ሁለት ወራት ሰው እያየኝ ብር መቁጠር እፈራ ነበር» አለችና ሄደች።

ይህ ቃል እስካሁን ከእኔ ጋር አለ። ማስተካከያው ተጽፏል፤ ምዝገባው ግን አልጠፋም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረሰኝ ስትሰጠኝ ትንሽ ደብተር ይዛ ትመጣለች። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠን ጽፋ ታስፈርመኛለች። በመጀመሪያው ቀን ውስጤ ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ፦ «አላመነችኝም ማለት ነው?» ከዚያ ያቺ ረጅም አንቀጽ ትዝ አለችኝ። እሷ መጥፎ አልገመተችኝም፤ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። እኔም መልካም ግምቱን ለእሷ ሰጠሁ፣ ሂሳቡን ለራሴ አስቀረሁ፣ ፈረምኩ። አሁንም እፈርማለሁ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወይም ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ሰው አስቡ። በሥራ ቦታችሁ በልባችሁ ፈርዳችሁ ፋይሉን የዘጋችሁበት ሰው። ምናልባት ደረሰኙ እናንተው ጋ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ፋይላችሁን ክፈቱ። ካገኛችሁት ደግሞ «ተገኘ» አትበሉ። «እኔ ጋ ነበር» በሉ።

ያ አላህ! የራሳችንን ጉድለት አሳየን፤ አሳይተኸንም ተስፋ አታስቆርጠን። ስለ ባሮችህ መልካም የሚያስብ ልብ፣ ሳያጣራ የማይናገር አንደበት ስጠን። የወሰድነውን ሐቅ ለባለቤቱ ሳንመልስ አንተ ዘንድ አታቅርበን። ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን በረካ ያለው አድርግልን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማውረድ አንርሳ፤ አላሁመ ሶሊ ወሰሊም ዓላ ነቢይና ሙሐመድ።

ጁሙዓ ሙባረክ!